ጥርጣሬን ለገበያ ማቅረብ፦ የትምባሆ ኩባንያዎች በዜና ክፍልና በሕግ አውጪው ላይ የነበራቸው እጅ

(ለጋዜጠኞችና ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ከቀረበ ንግግር በጽሑፍ የተሰናዳ)

ክቡራትና ክቡራን፣

ስለ ትምባሆ ለመናገር የሚነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከሳንባ ይጀምራል። እኔ ዛሬ የምጀምረው ከጋዜጣ ነው። ሲጋራ ጤና እንደሚጎዳ የሚጠራጠር ሰው በዚህ አዳራሽ ይኖራል ብዬ አላስብም፤ የሚያነጋግረን ጉዳይ ይህ እውነት በምርምር ከታወቀ በኋላ ወደ ሕዝብ ጆሮና ወደ ሕግ አንቀጽ ለመድረስ አሥርት ዓመታት ለምን ፈጀበት የሚለው ነው። የመልሱ አንዱ ክፍል የሚገኘው በራሳችን ሙያ ውስጥ ነው። የትምባሆ ኩባንያዎች ጋዜጠኛውን በገንዘብ የገዙበት ጊዜ አለ፤ እመለስበታለሁ። ከዚያ ይበልጥ የጠቀማቸው ግን የጋዜጠኛው መልካም ልማድ፣ ማለትም «ሌላውንም ወገን ልስማ» የሚለው ልማዱ ነበር። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ላሳስብ።

በ1950 በእንግሊዝ ሪቻርድ ዶልና ኦስቲን ብራድፎርድ ሂል፣ በአሜሪካ ደግሞ ኧርነስት ዊንደርና ኤቫርትስ ግራሃም፣ የሳንባ ካንሰር ታማሚዎችን ከሌሎች ታማሚዎች ጋር አነጻጽረው በሽታው ከማጨስ ጋር የጠበቀ ቁርኝት እንዳለው በሕክምና መጽሔቶች አሳተሙ። ጽሑፎቹ በሐኪሞች ዘንድ ቢያነጋግሩም ተራው አንባቢ ዘንድ ብዙም አልደረሱም። ጉዳዩን ወደ ሕዝብ ያወጣው በዲሴምበር 1952 ሪደርስ ዳይጀስት የተባለው መጽሔት ነበር። መጽሔቱ በአሜሪካ በሚሊዮኖች ይነበብ የነበረ ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ በአሜሪካ እትሙ ላይ ማስታወቂያ አያወጣም ነበር። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ፤ ስለ መጽሔቶች ስናገር ትጠቅመናለች። በቀጣዩ ዓመት መጨረሻ ላይ ዊንደርና ባልደረቦቹ ከሲጋራ ጭስ ያገኙትን ሬንጅ መሰል ዝቃጭ በአይጦች ጀርባ ላይ እየቀቡ ባደረጉት ሙከራ ከመቶ 44 ያህሉ አይጦች ካንሰር እንደያዛቸው ገለጹ። ዜናው በየጋዜጣው ሲወጣ የኩባንያዎቹ የአክሲዮን ዋጋ ወረደ።

በዚያው ወር አጋማሽ ላይ በገበያ የለየላቸው ተቀናቃኞች የሆኑ የትልልቅ የአሜሪካ ሲጋራ አምራቾች ኃላፊዎች ኒው ዮርክ በሚገኘው ፕላዛ ሆቴል ተሰበሰቡ። ለምክር የጠሩት ጠበቃም ሆነ ሐኪም አልነበረም፤ የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ ነበር። ሰውየው የሂል ኤንድ ኖልተን ድርጅት መሥራች ጆን ሂል ሲሆኑ (ቀደም ብዬ ከጠቀስኳቸው ሳይንቲስት ጋር የስም መገጣጠም እንጂ ዝምድና የላቸውም)፣ ወደዚህ ሥራ ከመግባታቸው በፊት በክሊቭላንድ የጋዜጣ ሰው ነበሩ። ስለዚህም የዜና ክፍል ምን እንደሚፈልግና ምን እንደሚፈራ አሳምረው ያውቁ ነበር። ኃላፊዎቹ ጥናቶቹን በማስታወቂያ ኃይል ለማስተባበል ቸኩለው ሳለ፣ የሂል ምክር ሌላ ነበር፦ ሳይንስን በማስታወቂያ መካድ አያዋጣም፤ የሚያዋጣው ራስን የሳይንስ ደጋፊ አድርጎ ማቅረብና ገና ብዙ ምርምር ያስፈልጋል ማለት ነው።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጃንዋሪ 4 ቀን 1954 ለአጫሾች የተጻፈ ግልጽ መግለጫ ከ400 በሚበልጡ የአሜሪካ ጋዜጦች ላይ ሙሉ ገጽ ይዞ ወጣ። መግለጫውን ዛሬም ለሚያነበው ሰው የሚያስደንቀው የአነጋገሩ ጨዋነት ነው። ኩባንያዎቹ የሰዎችን ጤና ከንግዳቸው ሁሉ የሚቀድም መሠረታዊ ኃላፊነት አድርገው እንደሚቀበሉ ይገልጻሉ፤ ምርቶቻቸው ጤና ይጎዳሉ ብለው እንደማያምኑ በለዘበ ቃል ያሰፍራሉ፤ ከዚያም የሚመረምር ኮሚቴ ማቋቋማቸውን ያበስራሉ። የኮሚቴው የሳይንስ ዳይሬክተር ሆነው የተሾሙት ክላረንስ ኩክ ሊትል የታወቁ የዘር ውርስ ተመራማሪ፣ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት የነበሩና ቀደም ሲል የአሜሪካን የካንሰር መከላከያ ማኅበር የመሩ ሰው ነበሩ። ከዚህ የተሻለ ምስክር ከየት ይገኛል?

አሁን ራሳችሁን በዚያ ዘመን ዜና ክፍል ውስጥ አስቀምጡ። ስለ ሲጋራና ካንሰር አዲስ ጥናት ወጥቷል፤ ዜናው ለምሽት መድረስ አለበት፤ አለቃችሁ «የሌላው ወገን አስተያየትስ?» ብሎ ይጠይቃል። ስልክ ትመታላችሁ። በሌላኛው ጫፍ ያለው ሰው ትሑት ነው፤ ከታወቀ ሳይንቲስት የተወሰደ ጥቅስ ተዘጋጅቶለታል፤ ጥቅሱም ጥናቱ ጠቃሚ ቢሆንም ምክንያትና ውጤትን እንደማያረጋግጥ፣ ካንሰር ውስብስብ በሽታ እንደሆነ፣ የአየር ብክለትና የዘር ውርስም መታየት እንዳለባቸው ይናገራል። ዜናው በሁለት ወገን አስተያየት ተሠርቶ ይወጣል። ጋዜጠኛው አልዋሸም፤ ጉቦም አልበላም። አንባቢው የተረዳው ግን «ባለሙያዎች አልተስማሙም» የሚለውን ነው። በመቶዎች የሚቆጠሩ ታማሚዎችን በመመርመር የተደረሰበት ድምዳሜና አንድ የሕዝብ ግንኙነት ቢሮ ያዘጋጀው ዓረፍተ ነገር በአንድ ዓምድ ላይ እኩል ቦታ ሲያገኙ፣ ሚዛኑን ያዛባው ያ እኩልነት ራሱ ነው። ይህ የዕለት ተዕለት ሥራ ለዓመታት ሳይቋረጥ የተካሄደ ሲሆን፣ በእኔ ግምት ኋላ ከመጡት ክሶችና ዛቻዎች ሁሉ የበለጠ ጉዳት ያደረሰው ይኸው ነው።

ከትልልቆቹ ጋዜጠኞችም ያመለጠ የለም ማለት ይቻላል። ኤድዋርድ ሙሮ በ1955 ስለ ሲጋራና ሳንባ ካንሰር ሁለት ተከታታይ የቴሌቪዥን ዝግጅት ሲያቀርቡ፣ የኢንዱስትሪው ሰዎች ከዝግጅቱ ቡድን ጋር አስቀድመው ተገናኝተው ጉዳዩ ገና ያልተቋጨ መሆኑ እንዲታይ ጎትጉተዋል። ዝግጅቱም ሁለቱንም ወገን አሰምቶ ፍርዱን ለተመልካች ትቶ አበቃ። ብዙዎችን በኮሙኒስትነት እየወነጀሉ ያስፈራሩ የነበሩትን ሴናተር ጆሴፍ ማካርቲን ፊት ለፊት የተጋፈጡት እኚሁ ሰው በካሜራ ፊት ሲጋራ ከጣታቸው የማይለይ ከባድ አጫሽ ነበሩ፤ በ1965 በ57 ዓመታቸው በሳንባ ካንሰር ሞቱ።

የአሜሪካ የጤና ጉዳዮች ዋና ሐኪም ሉተር ቴሪ፣ ማጨስ ለሳንባ ካንሰር መንስኤ መሆኑን የሚያረጋግጠውን ሪፖርት ይፋ ያደረጉት ጃንዋሪ 11 ቀን 1964 ነው። ቀኑ ሆን ተብሎ ቅዳሜ እንዲሆን ተደርጓል፤ የአክሲዮን ገበያው ዝግ ስለሆነ ድንጋጤ እንዳይፈጠር፣ ዜናውም የእሑድ ጋዜጦችን እንዲይዝ። ሪፖርቱን ያዘጋጁት ሳይንቲስቶች ሲመረጡ የትምባሆ ኢንዱስትሪው ተወካዮች ያልፈለጉትን ሰው ከዝርዝሩ የማስወጣት መብት ተሰጥቷቸው ነበር። ኩባንያዎቹ ተስማምተው ያሳለፉት ኮሚቴ እንዲህ ያለ ድምዳሜ ላይ መድረሱ ክርክሩን ሊዘጋው በተገባ ነበር።

አልዘጋውም፤ መድረኩ ግን ከዜና ክፍል ወደ ምክር ቤት ተዛወረ። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ጠንከር ያለ ማስጠንቀቂያ በፓኮውም በማስታወቂያውም ላይ እንዲጻፍ ሲያስብ፣ ምክር ቤቱ በ1965 ባወጣው ሕግ በፓኮ ጎን ላይ ብቻ ማጨስ ለጤና አደገኛ «ሊሆን ይችላል» የሚል ለስላሳ ቃል አሰፈረ፤ ያም ብቻ ሳይሆን ኮሚሽኑና ክፍለ ግዛቶቹ ለተወሰኑ ዓመታት በማስታወቂያ ላይ ማስጠንቀቂያ እንዳያስገድዱ ከለከለ። ለጤና ወገን ከእጅ አይሻል ዶማ የሆነው ይህ ሕግ ለኩባንያዎቹ ጋሻ ሆነላቸው፤ ኋላ ላይ የተከሰሱ ጊዜ «አስጠንቅቀናል እኮ» ማለት የሚችሉት በእርሱ ነበርና። ሕግን ከመቃወም ይልቅ ደካማ ሕግ እንዲወጣ መርዳት እንዴት እንደሚያዋጣ የተማሩት ያኔ ይመስለኛል።

የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ክልከላም ከሩቅ እንደሚታየው ቀላል ድል አልነበረም። ከ1967 ጀምሮ ጣቢያዎች የሲጋራ ማስታወቂያ ካሰራጩ የማጨስን ጉዳት የሚያሳዩ መልእክቶችን በነፃ እንዲያሰራጩ ተገደው ነበር፤ በእነዚያ ዓመታት የአሜሪካ የሲጋራ ፍጆታ ቀነሰ። ከጃንዋሪ 1971 ጀምሮ ማስታወቂያው ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ ሲወጣ፣ በነፃ ይተላለፉ የነበሩት መልእክቶችም አብረው ከስክሪኑ ጠፉ። ኩባንያዎቹ ገንዘባቸውን ወደ ጋዜጣና መጽሔት አዞሩ።

ያዙልኝ ያልኳት ነጥብ የምታስፈልገን እዚህ ላይ ነው። ኬኔት ዋርነርና ባልደረቦቻቸው በ1992 በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ባወጡት ጥናት 99 የአሜሪካ መጽሔቶችን ለሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ጊዜ መርምረው ነበር። የሲጋራ ማስታወቂያ የማያወጣ መጽሔት በአንድ ዓመት ውስጥ ስለ ማጨስ ጉዳት የማተም ዕድሉ 11.9 ከመቶ ሲሆን፣ የሚያወጣው ግን 8.3 ከመቶ ብቻ ሆኖ ተገኘ። በሴቶች መጽሔቶች ዘንድ ልዩነቱ ይብሳል፦ 11.7 በ5.0። እነዚህ መጽሔቶች ስለ አመጋገብ፣ ስለ ጡት ካንሰር፣ ስለ እርግዝና በየወሩ የሚጽፉ ነበሩ፤ ጤና የዘወትር ርዕሳቸው ነው፤ አንዱን ርዕስ ብቻ ዘለሉት። ማንም አዘጋጅ «አትጻፍ» የሚል ደብዳቤ ላይደርሰው ይችላል፤ ደብዳቤ አያስፈልግምም። የኋላ ሽፋኑን የገዛው ማን እንደሆነ ያውቃል፤ የዓመቱ በጀት በየትኛው ገቢ እንደቆመ ያውቃል፤ ጥሩ ርዕስ ደግሞ ሌላ ሞልቷል። ዝምታ ወርቅ ነው የሚለው አባባል በእነዚያ ቢሮዎች ቃል በቃል ይሠራ ነበር።

ዝምታውን ላልተረዳ ደግሞ ምልክት ይሰጠው ነበር። በ1988 ሳቺ ኤንድ ሳቺ የተባለው የማስታወቂያ ድርጅት ለኖርዝዌስት አየር መንገድ በረራዎቹ ላይ ማጨስ መከልከሉን የሚያበስር ማስታወቂያ ሠራ። ሲጋራም ብስኩትም የሚያመርተው አርጄአር ናቢስኮ ወዲያውኑ ለዚሁ ድርጅት ሰጥቶት የነበረውን 80 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጣ ሥራ ነጠቀ። ሥራው የሲጋራ ማስታወቂያ አልነበረም፤ የምግብ ምርቶች ማስታወቂያ ነበር። የትምባሆ ኩባንያዎች በዚያ ዘመን የምግብና የመጠጥ ፋብሪካዎችን ጠቅልለው ስለገዙ፣ የሲጋራ ማስታወቂያ የማያወጣ ተቋም እንኳ የብስኩቱን ገንዘብ እንዳያጣ የሚፈራበት ሁኔታ ተፈጥሮ ነበር።

ስለ ዓላማው የኩባንያዎቹን የራሳቸውን ቃል ማንበብ የቻልነው ሰነዶቻቸው አፈትልከው በመውጣታቸውና ኋላም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ይፋ በመሆናቸው ነው። ከሁሉ የሚጠቀሰው ብራውን ኤንድ ዊሊያምሰን የተባለው የሲጋራ ኩባንያ የ1969 ሰነድ ነው፤ ጥርጣሬ ምርታችን ነው ይላል፤ በሕዝብ አእምሮ ውስጥ ካለው የእውነታ ክምችት ጋር ለመፎካከር ከሁሉ የተሻለው መንገድ እርሱ ነውና። ለእኔ ከዚህ ይልቅ የሚከብደው ሌላ ነው። በ1981 ታኬሺ ሂራያማ የተባሉ ጃፓናዊ ተመራማሪ የማያጨሱ 91,540 ሚስቶችን ለ14 ዓመታት ተከታትለው፣ ባሎቻቸው የሚያጨሱ ሴቶች ለሳንባ ካንሰር ይበልጥ እንደሚጋለጡ አሳተሙ። የአሜሪካ ኢንዱስትሪ ወዲያውኑ የጥናቱን ስሌት የሚያጣጥል ሙሉ ገጽ ማስታወቂያ በጋዜጦች ላይ አወጣ፤ ብዙ ዜና ክፍሎችም ክርክሩን እንካ ስላንትያ አድርገው ዘገቡት። በዚያው ዓመት የተጻፈ የውስጥ ማስታወሻ ግን የኢንዱስትሪው አማካሪዎች ሂራያማ ጥሩ ሳይንቲስት እንደሆኑና ሥራቸው ትክክል እንደሆነ ማመናቸውን ይገልጻል። አደባባይ ላይ የሚሟገቱበትን ጥናት ቢሮ ውስጥ ተቀብለውት ነበር።

የሌላ ሰው ጭስ ጉዳይ ኢንዱስትሪውን ከሁሉ በላይ ያሳሰበው በምክንያት ነው። አጫሹ የሚጎዳው ራሱን ብቻ ከሆነ ጉዳዩ የግል ምርጫ ይሆናል፤ አስተናጋጇን፣ ሾፌሩን፣ ሕፃኑን የሚጎዳ ከሆነ ግን ሕግ አውጪው የመግባት ግዴታ አለበት። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት በ1993 መጀመሪያ የሌላ ሰው ጭስ በየዓመቱ ወደ 3,000 የሚጠጉ የማያጨሱ አሜሪካውያንን በሳንባ ካንሰር እንደሚገድል ሲያስታውቅ፣ የሲጋራ አምራቹ ፊሊፕ ሞሪስ በሕዝብ ግንኙነት ድርጅት በኩል «ለጤናማ ሳይንስ» የቆመ የሚመስል ኅብረት እንዲመሠረት አደረገ። ኅብረቱ ስለ ትምባሆ ብቻ እንዳይናገር ተጠንቅቆ ተዘጋጀ፤ ስለ ሌሎች የአካባቢና የጤና ደንቦችም «ቆሻሻ ሳይንስ» እያለ ይተች ነበር። አንባቢ የሚያየው ለሳይንስ የሚቆረቆሩ ሰዎችን ነው፤ ከጀርባ የተቀመጠውን ገንዘብ ከፋይ አያይም።

ዝምታውም ጥርጣሬውም አልበቃ ሲል ጠበቆች ይመጣሉ። ይህ ክፍል ለእኛ ሙያ ትምህርት የሞላበት ስለሆነ ጊዜ ልውሰድበት። ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1994 የኤቢሲ ቴሌቪዥን የሲጋራ አምራቾች የኒኮቲኑን መጠን ሆን ብለው እንደሚቆጣጠሩ የሚያሳይ ምርመራ አቀረበ። ፊሊፕ ሞሪስ የ10 ቢሊዮን ዶላር የስም ማጥፋት ክስ መሠረተ። በመካከሉ በኤፕሪል 14 የሰባቱ ኩባንያዎች ዋና ሥራ አስፈጻሚዎች የምክር ቤት አባሉ ሄንሪ ዋክስማን በሚመሩት ንዑስ ኮሚቴ ፊት ቀርበው ቃለ መሐላ ከፈጸሙ በኋላ፣ ኒኮቲን ሱስ ያስይዛል ብለው እንደማያምኑ ተራ በተራ ተናገሩ። ቴሌቪዥኑ ክሱን ተከራክሮ ማሸነፍ ይችል ነበር የሚሉ ብዙዎች ነበሩ፤ ነገር ግን በኦገስት 1995፣ ዋልት ዲዝኒ ኤቢሲን ለመግዛት መስማማቱ በተነገረ በሳምንታት ውስጥ፣ ጣቢያው በአየር ላይ ይቅርታ ጠይቆ የከሳሾቹን የጠበቃ ወጪ ሸፈነ።

ከሦስት ወር በኋላ ተራው የሲቢኤስ ሆነ። የብራውን ኤንድ ዊሊያምሰን የምርምር ኃላፊ የነበሩት ጄፍሪ ዋይጋንድ ሲክስቲ ሚኒትስ ለተባለው የጣቢያው የዜና ዝግጅት ሰፊ ቃለ ምልልስ ሰጥተው ነበር። የጣቢያው ጠበቆች ግን ሰውየው ከቀድሞ አሠሪያቸው ጋር የገቡትን የምስጢር ውል እንዲያፈርሱ በማድረግ ልንከሰስ እንችላለን ብለው አስጠነቀቁ፤ በኖቬምበር 1995 ዝግጅቱ ያለ ዋይጋንድ ቃል ተቆርጦ ወጣ። በዚያን ጊዜ ሲቢኤስ ለዌስቲንግሃውስ በመሸጥ ሂደት ላይ ነበር፤ የጣቢያው ሊቀ መንበር የሎረንስ ቲሽ ቤተሰብ ደግሞ ሎሪላርድ የተባለውን የሲጋራ ኩባንያ ይቆጣጠር ነበር፤ ከሰባቱ መሐላ ፈጻሚዎች አንዱም የቲሽ ልጅ ነበሩ። ዋይጋንድ በፍርድ ቤት የሰጡትን ቃል በጃንዋሪ 1996 ዎል ስትሪት ጆርናል ካሳተመው በኋላ ነው ሲክስቲ ሚኒትስ በፌብሩዋሪ 4 ሙሉውን ያቀረበው። ሌላ ጋዜጣ ከቀደመ በኋላ ድፍረት አይከብድም።

የመጨረሻው መንገድ ብዕር መከራየት ነው። በጃንዋሪ 2002 የእንግሊዙ ጋርዲያን ያወጣው አንድ የኢሜይል መልእክት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። የታወቁት ፈላስፋ ሮጀር ስክሩተን ከጃፓን ቶባኮ ኢንተርናሽናል በወር 4,500 ፓውንድ ይከፈላቸው ነበር፤ በመልእክቱ ክፍያው ወደ 5,500 ከፍ እንዲልላቸው ይጠይቃሉ፤ በምላሹም በታላላቅ ጋዜጦች ላይ ለኢንዱስትሪው ጉዳይ የሚጠቅሙ ጽሑፎች እንዲወጡ ለማድረግ ሐሳብ ያቀርባሉ። ከዚያ ቀደም ብሎ የዓለም ጤና ድርጅትን የትምባሆ ፖሊሲ የሚተች መጣጥፍ አሳትመው የነበረ ሲሆን፣ አንባቢ የገለልተኛ አሳቢ አቋም አድርጎ ነበር ያነበበው። ፋይናንሺያል ታይምስ ዓምዳቸውን አቋረጠ። ስክሩተን የጻፉትን ሐሳብ ከልባቸው ያምኑበት ነበር ብዬ ልቀበል እችላለሁ፤ የከፋዩ ስም ከአንባቢ መሰወሩን ግን ይህ አያስተካክለውም።

በ2006 ዳኛ ግላዲስ ኬስለር በዋሽንግተን የሰጡት ከ1,600 ገጽ በላይ የሆነ ፍርድ፣ ኩባንያዎቹ ለአሥርት ዓመታት ሕዝቡን ማታለላቸውን አረጋግጦ የእርምት መግለጫ እንዲያሳትሙ አዘዘ። መግለጫው የወጣው በኖቬምበር 2017 ነው። በመሐል ያለፉት 11 ዓመታት በቃላት ክርክር አለቁ፤ «ሆን ብለው አታለሉ» የሚለው ሐረግ በይግባኝ ወጣ፤ «እውነቱ ይህ ነው» የሚለውም ወጣ። በቀሪው ጽሑፍ ማጨስ በየቀኑ በአማካይ 1,200 አሜሪካውያንን እንደሚገድል ተጽፏል። የወረቀት ጋዜጣ የሚገዛው ሰው ግን በዚያን ጊዜ እጅግ ተመናምኖ ነበር።

ወደ አገራችን ልምጣ። በኢትዮጵያ ትምባሆ ከ1942 ጀምሮ የመንግሥት ሞኖፖል ነበር፤ ትልልቆቻችን ዛሬም «ትምባሆ ሞኖፖል» ሲሉ ትሰማላችሁ። ሻጩም ተቆጣጣሪውም አንድ አካል የነበረበት ያ ረጅም ዘመን ራሱን የቻለ ጥናት ይፈልጋል። በ2016 ጃፓን ቶባኮ የብሔራዊ ትምባሆ ድርጅትን 40 ከመቶ ድርሻ በ510 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፤ በሚቀጥለው ዓመት መጨረሻ ሌላ 30.95 ከመቶ በ434 ሚሊዮን ዶላር ጨምሮ ድርሻውን 70.95 ከመቶ አደረሰ። ስክሩተንን ሲከፍል የነበረው ድርጅት የዚሁ ኩባንያ ክንፍ ነው፤ የጃፓን መንግሥት ደግሞ በኩባንያው ውስጥ በሕግ ከሲሶ በላይ ድርሻ ይዟል። እንደማስታውሰው የሽያጩ ዜና በብዛት የቀረበው በኢንቨስትመንትና በውጭ ምንዛሪ ዓምድ ነው። በዚያው በ2016 የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት የትምባሆ ተጠቃሚ አዋቂዎችን 5 ከመቶ ብቻ አድርጎ ነበር ያገኘው። ከመቶ ሰው አምስቱ ብቻ በሚጠቀምበት ገበያ ላይ ወደ አንድ ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ የሚያፈስ ኩባንያ ቀሪውን ዘጠና አምስት እንዴት እንደሚያየው የጤና ዓምድ አዘጋጅ ሊጠይቅ የሚገባው ጥያቄ ነበር።

በጎ ጎኑን ልሸሽግ አልፈልግም። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅትን የትምባሆ ቁጥጥር ስምምነት በ2014 አጽድቃለች፤ በ2019 የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ደግሞ ከአህጉሩ ጠንካራ ሕጎች ተርታ የሚሰለፍ ነው። የፓኮውን ፊትና ጀርባ 70 ከመቶ የሚሸፍን ሥዕላዊ ማስጠንቀቂያ፣ በሕዝብ መገልገያ ቤቶች ውስጥ ማጨስን መከልከል፣ ዕድሜው ከ21 በታች ለሆነ አለመሸጥ፣ ማንኛውንም የትምባሆ ማስታወቂያና ስፖንሰርነት ማገድ ሁሉም በውስጡ አሉ። ይኸው አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሲያወጣ በየጣቢያው የተሰማውን ጭንቀት እዚህ ካላችሁት ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። የእኛ ጣቢያዎች በቢራ ገንዘብ እንጂ በሲጋራ ገንዘብ አልቆሙም፤ ነገር ግን ዋርነር በመጽሔቶቹ ላይ የለኩት ነገር በቢራው ዘመን እኛ ዘንድ ቢለካ ምን ይገኝ ነበር ብዬ ደጋግሜ አስባለሁ።

ሕጉ ወጥቶም የሱቅ በደረቴው ልጅ ሲጋራውን በፍሬ ሲሸጥ ታዩታላችሁ፤ ተማሪው በፓኮ ላይ የታተመውን ሥዕል ሳያይ አንዷን ገዝቶ ይሄዳል። ዛሬ ግን ክርክሩ የሚካሄደው በታክስና በኮንትሮባንድ ዙሪያ ነው። የትምባሆ ስምምነቱ አንቀጽ 5.3 መንግሥታት የጤና ፖሊሲያቸውን ከኢንዱስትሪው ጥቅም እንዲጠብቁ ያስገድዳል፤ ስለዚህ ኩባንያዎቹ ወደ ጤና ሚኒስቴር በቀጥታ ከመግባት ይልቅ የገንዘብ ሚኒስቴርንና የገበያ ዓምድን በር ማንኳኳት ይመርጣሉ። ይዘውት የሚመጡት ክርክር በየአገሩ አንድ ነው፦ ታክስ ከጨመራችሁ ኮንትሮባንድ ይጥለቀለቃል። ኮንትሮባንድ በምሥራቅ በኩል በእርግጥ አለ፤ ያንን መካድ ዓይንን በጨው ማጠብ ነው። ይሁን እንጂ «ከገበያው ይህን ያህል እጅ ኮንትሮባንድ ነው» የሚል አኃዝ ሲደርሳችሁ አስቆጣሪው ማን እንደሆነ ጠይቁ። ፊሊፕ ሞሪስ ኢንተርናሽናል በ2004 ከአውሮፓ ኅብረት ጋር በሲጋራ ኮንትሮባንድ ጉዳይ 1.25 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል የተስማማ ሲሆን፣ ጃፓን ቶባኮ ኢንተርናሽናልም በ2007 በ15 ዓመት የሚከፈል 400 ሚሊዮን ዶላር ተስማምቷል፤ ሁለቱም ጥፋተኛነታቸውን ሳያምኑ።

በታክሱ በኩል የ2020ው የኤክሳይዝ አዋጅ በሲጋራ ላይ 30 ከመቶ ሲደመር በአንድ ፓኮ 8 ብር ጥሎ ነበር። በመቶኛ የሚሰላው ክፍል ከዋጋው ጋር አብሮ ያድጋል፤ በብር የተቆረጠው ግን አዋጅ ካልነካው በስተቀር ባለበት ይቆማል፤ የኑሮ ውድነቱም በየዓመቱ ያሟሽሸዋል። ጉዳዩ አሰልቺ ስለሚመስል ወደ ፊት ገጽ አይወጣም። የዛሬ የአንድ ፓኮ ኒያላ ዋጋ ከየሱቁ ሊገኝ ይችላል፤ ታክሱ ከዚያ ዋጋ ውስጥ ምን ያህሉ እንደሆነ ከአዋጁ ጋር አስተያይቶ ማስላት፣ ቀጥሎም በየጊዜው የማሻሻያ ሐሳብ ሲቀርብ ለየትኛው ቋሚ ኮሚቴ ማን ደብዳቤ እንደጻፈ መጠየቅ፣ የኩባንያውን የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ስልክ ሳይመቱ ሊጀመር የሚችል ዘገባ ነው።